የላየንስ ክለብ የመቶኛ ዓመት የብር ዶላር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ በ2017 የወጣ የብር ዶላር ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ወይም የላየንስ ክለብ (የበጎ አድራጎት ክለብ ነው) አባል የነበሩ አባት መሳቢያ ውስጥ አንዳንዴ ይገኛል። ክብ ነው፣ ከበድ ይላል፣ በአንድ ጎኑ የሰው ፊት፣ በሌላው የአንበሳ ቤተሰብ ተቀርጾበታል። ያገኘው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ነው። እሱም ይመለሳል፤ ከሱ በፊት ግን ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ዓመቶቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ብዬ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ለመሆኑ ሜዳሊያ ነው ወይስ ገንዘብ?

አብዛኛው ሰው ሜዳሊያ ይለዋል፤ አይፈረድበትም። ገበያ ላይ አይዘዋወርም፣ በሳጥን ነው የተሸጠው፣ መታሰቢያነቱም ለአንድ ክለብ ነው። በሕግ ግን ሳንቲም ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው፣ አንድ ዶላር ተብሎ የተጻፈበት ሕጋዊ ገንዘብ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሜዳሊያ ማንኛውም ክለብ ከፍሎ ማሠራት ይችላል። ላየንስም ሆነ ሌላው የአገልግሎት ክለብ ሮታሪ በየአገሩና በየከተማው ለየበዓላቸው ብዙ ሜዳሊያ አሠርተዋል። የአሜሪካ መታሰቢያ ሳንቲም ግን ኮንግረስ ሕግ ሳያወጣለት አይሠራም። የላየንስ ሰዎች ስለዚህ ሳንቲም ሲያወሩ ደረታቸውን የሚነፉት ለዚህ ነው።

ሕጋዊ ገንዘብ ስለሆነ አሜሪካ ሱቅ ገብታችሁ የአንድ ዶላር ማስቲካ ልትገዙበት ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለማንም እንዳትናገሩ። ውስጡ ያለው ብር ብቻውን የዚያን ብዙ እጥፍ ያወጣል።

የምን መቶኛ ዓመት ነው?

የላየንስ ክለቦች ማኅበር የተመሠረተበት። ሰኔ 7 ቀን 1917 ቺካጎ፣ ላሳል ሆቴል ውስጥ ከተለያዩ ከተሞች የመጡ የነጋዴ ክለቦች ተወካዮች ተሰበሰቡ። አንድ ላይ ለመሆንና ላየንስ በሚለው ስም ለመጠራት ተስማሙ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዳላስ፣ ቴክሳስ የመጀመሪያውን ጉባኤ አደረጉ። በእኛ አቆጣጠር ያ የቺካጎው ስብሰባ ግንቦት 30 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። የሰገሌ ጦርነት የተካሄደበት፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት ዓመት መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች የነጋዴ ክለብ ሞልቶ ነበር። አብዛኛው ዓላማው ግልጽ ነው፦ አባላት እርስ በርስ ይገዛዛሉ፣ ይደጋገፋሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ። የኢንሹራንሱ ሰው ለልብስ ሰፊው ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ ልብስ ሰፊው ለኢንሹራንሱ ሰው ሱፍ ይሰፋል። ላየንስ ግን ገና ከጅምሩ አንድ መርህ ያዘ። ማንኛውም ክለብ የአባላቱን የገንዘብ ጥቅም ዓላማው አድርጎ መያዝ አይችልም። እኔን ብትጠይቁኝ ሳንቲም የሚገባው ለዚያ ውሳኔ ነው። በየከተማው ከነበሩት ከእነዚያ የምሳ ክለቦች ውስጥ ዛሬ ስማቸው የሚነሳ በጣም ጥቂት ናቸው። ላየንስ ግን ዛሬ ከ200 በላይ አገሮችና ግዛቶች ውስጥ፣ 1.4 ሚሊዮን ገደማ አባላት ይዞ ይሠራል።

ሳንቲሙ ላይ ያለው ሰውዬ ማን ነው?

ሜልቪን ጆንስ። በ1879 አሪዞና ውስጥ ፎርት ቶማስ በሚባል የጦር ሰፈር ተወለደ፤ አባቱ የአሜሪካ ጦር ካፒቴን ነበር። ካደገ በኋላ ቺካጎ ገብቶ በኢንሹራንስ ሥራ ተሰማራ፣ የራሱንም ቢሮ ከፈተ። «ቢዝነስ ሰርክል» የሚባል የነጋዴዎች የምሳ ክለብ ውስጥ ገብቶ ጸሐፊ ሆነ። ጥያቄው የመጣው እዚያ ነው። እነዚህ ሁሉ ጎበዝ ሰዎች፣ ለንግድ የሚያውሉትን ጉልበት ለከተማቸው ቢያውሉትስ አለ። ከዚያ ለሌሎች ክለቦች ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር።

በኋላ የኢንሹራንስ ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለላየንስ ሰጠ። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲቋቋም ላየንስን ወክሎ በአማካሪነት ተገኝቷል። የሞተው ሰኔ 1 ቀን 1961 ነው፣ በ82 ዓመቱ።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ካልሆነ ለምን የእሱ ፊት ወጣ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የላየንስን ታሪክ የሚከታተሉ ሰዎች ዛሬም ይነታረኩበታል። ዳላስ ላይ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ዶክተር ዊሊያም ዉድስ ነው፣ የኢቫንስቪል፣ ኢንዲያና ሐኪም። ላየንስ የሚለውም ስም የመጣው ከእሱ ወገን ነው። ዉድስ የሚመራው የላየንስ ክለቦች ማኅበር ከቺካጎው ስብሰባ በፊት፣ በ1916፣ ኢንዲያና ውስጥ ተመዝግቦ ነበር።

ታዲያ ለምን ጆንስ? ክለቦቹን ጠርቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣቸው እሱ ነው። ከዚያም በላይ፣ ዳላስ ላይ ጸሐፊ ሆኖ የጀመረውን ሥራ ለአሥርት ዓመታት አልለቀቀም። ፕሬዚዳንቶች በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መዝገብ ይይዛል፣ አዲስ ክለብ ይመዘግባል። እድር ወይም ማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው ይኼንን ይረዳዋል፤ ቤቱን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ሊቀመንበሩ ሳይሆን ጸሐፊው ነው። ማኅበሩም መሥራቼ የሚለው ጆንስን ነው፣ መንግሥትም ሳንቲሙን ሲቀርጽ ያንኑ ተከተለ። ዉድስን የሚረሳ ግን ታሪኩን በግማሽ ነው የሚያወራው።

በሌላው ጎን ያሉት አንበሶችስ?

ወንድ አንበሳ፣ ሴት አንበሳና ደቦል ናቸው፣ ከበስተጀርባቸው የዓለም ሉል አለ። በጆንስ በኩል ደግሞ የክለቡ አርማ አብሮት ተቀምጧል፦ መሃሉ ላይ «ኤል» ፊደል፣ ግራና ቀኝ ጀርባቸውን የተሰጣጡ ሁለት የአንበሳ ፊቶች። አንደኛው ያለፈውን፣ አንደኛው የሚመጣውን ያያል ይላሉ።

ሴቷ አንበሳ እዚያ መኖሯን ልብ በሉ። ላየንስ ሴቶችን በሙሉ አባልነት መቀበል የጀመረው በ1987 ነው። ከተመሠረተ ከ70 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሚስቶች ምሳ ያዘጋጁ፣ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበራቸውም።

አንበሳ ያለበት የብር ሳንቲም ለእኛ ብርቅ አይደለም። የምኒልክን ብር ያየ ሰው ዘውድ የደፋውን አንበሳ ያስታውሳል። ከዚህኛው ጋር የሚያገናኘው ነገር ግን የለም፣ ሰዎች ስለሚጠይቁ ነው ያነሳሁት።

ከምን ተሠራ?

90 በመቶ ብር፣ 10 በመቶ መዳብ። ክብደቱ 26.73 ግራም፣ ስፋቱ 38.1 ሚሊሜትር። የተመታው ፊላደልፊያ ነው፣ ስለዚህ «ፒ» የምትል ትንሽ ፊደል አለችበት።

ይኼን ያህል ምን እንደሆነ በእጅ ለመገመት ጠገራ ብርን አስቡ፣ ማሪያ ቴሬዛን። ጠገራው ሲመዘን ይበልጣል፣ 28 ግራም ትንሽ ያልፋል። ነገር ግን ጥራቱ 83.3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። የላየንሱ ዶላር 24 ግራም ገደማ አለው። አያቶቻችን ከብት ከሸጡበትና ጥሎሽ ከሰጡበት ብር ጋር በንጹሕ ብር መጠን በጣም ይቀራረባል።

ማን ፈቀደው? ስንትስ ተሠራ?

ኮንግረስ ሕጉን አጽድቆ ፕሬዚዳንት ኦባማ ጥቅምት 5 ቀን 2012 ፈረሙበት። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ አያስገርምም። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት ከሁለት በላይ የመታሰቢያ ሳንቲም ፕሮግራም አይፈቀድም፤ ስለዚህ ወረፋው ረጅም ነው፣ ደጅ መጥናትም አለበት። በ2017 ከላየንስ ጋር ወረፋ የደረሰው ቦይስ ታውን ነው። አባ ኤድዋርድ ፍላናጋን በ1917 ኦማሃ፣ ነብራስካ ላይ ለተጣሉና መንገድ ላይ ለቀሩ ልጆች የመሠረቱት ቤት። እሱም መቶ ዓመቱ ነበር።

ሕጉ የፈቀደው እስከ 400,000 ሳንቲም ነው፣ በ2017 ብቻ የሚወጣ። የተሸጠው ግን የዚያን ሩብ እንኳ አልሞላም። ይኼን ስናገር ቅር የሚላቸው የላየንስ አባላት አሉ። ቁጥሩ ግን ከክለቡ ስም ይልቅ ስለ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ነው የሚናገረው። ሰብሳቢው ጨረቃ ላይ የወጣን ሰው ወይም ታዋቂ ስፖርተኛ ያለበትን ሳንቲም ይሻማበታል። የኢንሹራንስ ወኪል ፊት ያለበትን ለመግዛት ግን ክለቡን ማወቅ አለበት።

ከሽያጩ ክለቡ ምን አገኘ?

በእያንዳንዱ ሳንቲም ዋጋ ውስጥ 10 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ተካቷል። ይኼ ገንዘብ የሚሄደው ከ1968 ጀምሮ ወዳለው የላየንስ ዓለም አቀፍ ፋውንዴሽን ነው። ሕጉ ለምን እንደሚውልም ጽፏል፦ ለዓይነ ስውራንና ማየት ለሚቸገሩ፣ አካል ጉዳተኞችን ለሚረዱ ቴክኖሎጂዎች፣ ለወጣቶችና በከባድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች።

እዚህ ላይ ሰዎች የማያውቁት ነገር አለ። መንግሥት ገንዘቡን ዝም ብሎ አይሰጥም። መጀመሪያ ሳንቲሙን ለመሥራትና ለመሸጥ የወጣው ወጪ በሙሉ መመለስ አለበት። ግብር ከፋዩ ለክለብ በዓል አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ተቀባዩ ድርጅት ደግሞ የሚሰጠውን ያህል ገንዘብ ከግል ለጋሾች ማሰባሰቡን ማሳየት አለበት። ይኼ ሕግ የመጣው የመታሰቢያ ሳንቲም መብዛት ሰብሳቢውን ካሰለቸ በኋላ ነው። እኔ ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ።

400,000ው ሁሉ ቢሸጥ ኖሮ 4 ሚሊዮን ዶላር ይሆን ነበር። ሩቡ እንኳ ስላልተሸጠ ከ1 ሚሊዮን በታች ነው። ለዓለም አቀፍ ድርጅት ይኼ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ «ሳንቲሙ ዓይነ ስውርነትን አጠፋ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፈገግ በሉና እለፉት።

ለምን ሁልጊዜ ዓይን ዓይን ይላሉ?

በሄለን ኬለር ምክንያት። ማየትም መስማትም የማትችለው ይህች ሴት ሰኔ 30 ቀን 1925 ሲዳር ፖይንት፣ ኦሃዮ ላይ በተደረገው የላየንስ ጉባኤ ተገኝታ አባላቱን ለመነቻቸው። በጨለማ ላይ በሚደረገው ዘመቻ ለዓይነ ስውራን የሚዋጉ ፈረሰኛ ጀግኖች ሁኑ አለቻቸው። እሺ አሉ። ከዚያ ቀን በፊት ላየንስ ብዙ ነገር የሚነካካ ክለብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓይን የመጀመሪያ ሥራው ሆነ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ያሉ የላየንስ አባላት ዓይነ ስውራን የሚይዙትን በትር ነጭ ቀለም መቀባት ጀመሩ፤ ሾፌር ከሩቅ እንዲያየው። ከተማው ነጭ በትር ለያዘ ሰው መንገድ ቅድሚያ እንዲሰጥ ደነገገ፣ ነገሩም ከከተማ ከተማ ተዛመተ። ዛሬ አዲስ አበባ ዜብራ ላይ ነጭ በትር ይዞ የሚሻገር ሰው ስናይ ከላየንስ ጋር አናያይዘውም።

ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሳንቲሙ ራሱ ምንም። ክለቡ ግን በጣም።

ከ1999 ጀምሮ የላየንስ ፋውንዴሽንና ካርተር ማዕከል ኢትዮጵያ ውስጥ ዓይን በሚያጠፉ በሽታዎች ላይ አብረው ሠርተዋል። አንደኛው ጥቁር ዝንብ የሚያስተላልፈው ኦንኮሰርኪያሲስ ነው፣ ከፋና ሸካን በመሳሰሉ የምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ያለው። ሌላው ትራኮማ ነው። የአማራ ክልል በትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ገጠር ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዓይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተገልብጦ ብሌናቸውን የሚፍቅባቸው፣ በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶችን አይቷል።

ሥራው አራት ነገር ነው። የተገለበጠውን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና መመለስ፣ አንቲባዮቲክ ማደል፣ የልጆችን ፊት ማጠብ፣ ሽንት ቤት መቆፈርና አካባቢን ማጽዳት። መድኃኒቱ ዚትሮማክስ ሲሆን ፋይዘር በነጻ ይሰጠዋል። በአማራ ክልል በዘመቻ ሳምንታት በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው ታድሏል፣ ቁመት በሚለካ በትር መጠኑ እየተወሰነ። ከእነዚህ ሁሉ ትንሽ የሚወራለት ሽንት ቤቱ ነው። ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ስለሆነ፣ ጉድጓድ የቆፈረ አባወራም የዓይን ሕክምና ሠርቷል ማለት ነው።

ማዕከሉን ያቋቋሙት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ራሳቸው የላየንስ አባል ነበሩ። ከፕሬዚዳንትነታቸው በፊት፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ የላየንስ ዲስትሪክት ገዥ፣ ማለትም የአካባቢው ክለቦች ኃላፊ፣ ሆነው አገልግለዋል። የሁለቱ ድርጅቶች ወዳጅነት ከዚያ ይመዘዛል።

ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ላየንስ አባል ይኼን ሳንቲም ለኢትዮጵያዊ ቢሰጥ ነገሩ ባዶ ስጦታ አይደለም። ያው ግን የሳንቲሙ 10 ዶላር እኛ ጋ ደረሰ ማለት አይቻልም፤ ፋውንዴሽኑ የሚሠራው በመላው ዓለም ነው።

«ፕሩፍ» እና «አንሰርኩሌትድ» የሚሉት ምንድን ነው?

የአሠራር ልዩነት ነው። ፕሩፉ በተወለወለ መምቻ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚመታ ሜዳው፣ ምስል የሌለበት ገጹ ማለት ነው፣ እንደ መስታወት ያበራል፣ ምስሉ ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ነጭ ይሆናል። አንሰርኩሌትድ የተባለው ለስለስ ያለ፣ የማያንጸባርቅ መልክ አለው። ብራቸው እኩል ነው። ሁለቱም በሳጥንና ከመንግሥት በተሰጠ ማረጋገጫ ወረቀት ነው የተሸጡት። ፕሩፉ በብዛት ተሽጧል፣ አንሰርኩሌትዱ ከእሱ በጣም ያንሳል።

እሺ፣ ስንት ያወጣል?

ደረስን። ሁለት ነገር ይወስነዋል፦ የዕለቱ የብር ዋጋ፣ እና የሚፈልገው ሰው መኖሩ። ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 0.77 ትሮይ አውንስ ነው፤ ትሮይ አውንስ የወርቅና የብር መመዘኛ ነው። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በዚህ ስታባዙት ወለሉን ታገኛላችሁ። ከዚያ በታች ልግዛ የሚላችሁ ሰው ሊያታልላችሁ ነው።

ከወለሉ በላይ ብዙ አትጠብቁ። «ጥቂት ስለተሠራ ውድ ነው» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ነው። ጥቂት ተሠርቶ ፈላጊውም ጥቂት ከሆነ ዋጋው አይወጣም። አብዛኞቹ ዘመናዊ የአሜሪካ መታሰቢያ ሳንቲሞች ገበያ ላይ ከብራቸው ዋጋ ብዙም ሳይርቁ ነው የሚሸጡት። ሳጥኑና ወረቀቱ አብሮ ካለ ትንሽ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለብር ሠሪ ብትወስዱት በግራም ነው የሚገዛችሁ፤ ሳጥኑ አያገባውም። ለመሸጥ ከቆረጣችሁ ውጭ ያለ የሳንቲም ነጋዴ ይሻላል። የላየንስ አባል የሆነ ገዥ ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ።

ለትርፍ ብሎ ዛሬ የሚገዛውን ሰው ግን አልመክርም። ብር መያዝ የፈለገ ጥፍጥፍ ብር ይግዛ።

እውነተኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ሚዛን ላይ አውጡት፣ 26.73 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ማግኔት ሊስበው አይገባም። ጠርዙ ዙሪያውን ጥርስ አለው። «አንድ ዶላር» እና የአሜሪካ ስም ከሌለበት፣ በእጃችሁ ያለው ይኼ ሳንቲም ሳይሆን አንዱ ክለብ ያሠራው ሜዳሊያ ነው። ያም ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፣ ሌላ ዕቃ ነው። የላየንስ ሰዎች በየጉባኤው ባጅ መለዋወጥ ስለሚወዱ አርማው ያለበት ትንሽ ትልቁ ብረት በየቤቱ ሞልቷል።

ሜልቪን ጆንስ ፌሎው የሚባለው ሽልማትስ ይኼ ነው?

አይደለም። እሱ ከ1973 ጀምሮ ያለ ዕውቅና ነው። ለፋውንዴሽኑ 1,000 ዶላር ለሰጠ ወይም በስሙ ለተሰጠለት ሰው ሰሌዳና የደረት ባጅ ይሰጣል። ሮታሪም ተመሳሳይ አለው፣ ፖል ሃሪስ ፌሎው የሚባል። ፖል ሃሪስ በ1905 ቺካጎ ላይ ሮታሪን የመሠረተው ጠበቃ ነው። ሜዳሊያችሁ ላይ 24 ጥርስ ያለው የማሽን ጎማ ካለ የሮታሪ ነው፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ጠቁሯል፤ ላጽዳው?

ተዉት። ብር አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ተፈጥሮው ነው። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጨርቅ፣ የትኛውም አይንካው። ለመስቀልና ለአንባር የሚሠራው ዘዴ ለሳንቲም አይሠራም፤ በተለይ የፕሩፉ መስታወት መሳይ ሜዳ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ከፕላስቲክ ክዳኑ አታውጡት። ካወጣችሁትም በጠርዙ ያዙት።

የእኛ ክለብ ወይም ማኅበር እንዲህ ዓይነት ማሠራት ይችላል?

ሳንቲም አይችልም፤ ገንዘብ የሚያወጣው መንግሥት ነው። ሜዳሊያ ግን በደንብ ይችላል፣ የግድ ላየንስ ወይም ሮታሪ መሆን አያስፈልገውም። ሃምሳ ዓመት የሞላው እድር ወይም ዲሲ ያለ የተማሪ ቤት ጓደኞች ማኅበር ቢያሠራ ማን ይከለክለዋል? የላየንስ ወይም የሮታሪ ክለብ ከሆናችሁ ግን አርማቸው የተመዘገበ ነው፤ ዕቃ ላይ ከማሳተማችሁ በፊት ደንባቸውን ጠይቁ።

ከዚያ ውጭ የምመክረው ይኼን ነው። ነሐስ ይበቃል፤ ብር ከሆነ ተቀባዩ ውሎ አድሮ ወደ ብር ሠሪ ይወስደዋል። ጽሑፍ አታብዙበት። የቦርድ አባላትን ስም ሁሉ ልደርድር ያለ ሊቀመንበር ካለ በትህትና ከልክሉት። የክለቡ ስም፣ ከተማው፣ የተመሠረተበትና የበዓሉ ዓመት፣ አንድ ምስል። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.» የሚለውን አትርሱ፤ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ከጊዜ በኋላ የሚያገኘውን ሰው ያደናግራል። ስንት እንደተሠራም ቃለ ጉባኤ ላይ መዝግቡ። ምስሉን በተመለከተ ከላየንሱ ሳንቲም አንድ ነገር መውሰድ ይቻላል፤ መሥራቹ በአንድ ጎን፣ ሥራው ወይም ምልክቱ በሌላው። ሕንፃ አታስቀርጹ። ሕንፃ በሳንቲም ስፋት ላይ ክብሪት ሳጥን ይመስላል፣ ክለቡም ቢሮ ይቀይራል።

በስቼ ለአንገት ጌጥ ባደርገውስ?

ጠገራ ብር እየተበሳ አንገት ላይ ሲንጠለጠል የኖረበት አገር ሰዎች ስለሆንን ጥያቄው ይገባኛል። ከተበሳ በኋላ ለሰብሳቢ ዋጋ የለውም፣ የብሩ ዋጋ ብቻ ይቀራል። ያ ካላስጨነቃችሁ የራሳችሁ ንብረት ነው፣ ብሱት። ካስጨነቃችሁ ግን ሳይበሳ ጠርዙን አቅፎ የሚይዝ ቀለበት ብር ሠሪው ይሠራላችኋል። 38.1 ሚሊሜትር ነው በሉት፣ ወይም ሳንቲሙን ይዛችሁ ሂዱና እያያችሁ ይለካ።